ካሙ ከመወቀሱ በፊት ሞላው ይመዘን

በመቂና በአካባቢዋ ያለው የመስኖ እርሻ በትንንሽ ሞተሮች ላይ የተመሠረተ ነው። ከዝዋይ ሐይቅ፣ ከመቂ ወንዝና ከጉድጓዶች ውኃ እየሳቡ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ጎመን የሚያጠጡ ባለ አንድ ሲሊንደር ፓምፖች በበጋው ወራት ሲያጓሩ ይውላሉ። የሽንኩርት ሥር ጥልቀት የሌለው በመሆኑ ተክሉ በተወሰነ ቀን ልዩነት ውኃ ካላገኘ ምርቱ ይጎዳል። ስለዚህ በወቅቱ መካከል ለአንድ ሳምንት የቆመ ፓምፕ የሚያስከትለው ጉዳት በመለዋወጫ ዋጋ ብቻ አይለካም፤ የዘሩ፣ የማዳበሪያውና የመሬት ኪራዩ ወጪ አብሮ ይባክናል።

ፓምፕን ከሥራ ውጭ ከሚያደርጉ ብልሽቶች አንዱ የካምሻፍት መበላት ነው። የካሙ ጉብታ ሲበላ ቫልቩ የሚከፈትበት ከፍታ ይቀንሳል፤ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ ፑንቴሪያው በተስተካከለ ማግስት ክፍተቱ ተመልሶ ይሰፋል። ሞተሩ ሲፈታ ብዙውን ጊዜ የሚወቀሱት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ዘይቱ፣ ሌላው የካሙ ብረት። ዘይቱ ይቀየራል፤ ካሙም ይለወጣል። ካሙን በእያንዳንዱ ዙር ሲጫነው የኖረው የቫልቭ ሞላ ግን በጨርቅ ተጠርጎ፣ ሳይለካና ሳይመዘን ወደ ቦታው ይመለሳል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያም ይኸው ነው፤ ሞላው ሳይመዘን ስለ ካም መበላት የሚሰጥ የጋራዥ ምርመራም ሆነ የሚጻፍ የድኅረ ምረቃ ጥናት ጎደሎ ነው። ጉድለቱን ለመሙላት የሚያስፈልገው መሣሪያ ደግሞ በመቂ ገበያ ከሚገኝ ሚዛን ብዙም አይርቅም።

የሞላው ሁለት ግዴታዎች

በጋራዥ ቋንቋ «የሞላ ግፊት» የሚባለው በትክክለኛው ስያሜ በኒውተን የሚለካ ኃይል ነው። ግፊት የሚለው ቃል ተገቢ ቦታው ኃይሉ በካሙና በተከታዩ መካከል ባለችው ጠባብ የንክኪ መስመር ላይ ሲያርፍ ነው። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አንድ ዓይነት የሞላ ኃይል በተለያየ የሞተር አሠራር ውስጥ እጅግ የተለያየ የንክኪ ጫና ይፈጥራል።

ሞላው ሁለት ግዴታዎች አሉበት። የመጀመሪያው ቫልቩ ሲዘጋ መቀመጫው ላይ አጥብቆ መያዝ ነው። ሁለተኛው ቫልቩ በመክፈቻው ጫፍ ላይ አቅጣጫውን ሲቀይር ተከታዩ ከካሙ እንዳይላቀቅ ማድረግ ነው። ይህን ሁለተኛ ግዴታ የሚያከብደው የሞተሩ ፍጥነት ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የተንቀሳቃሾቹ ክፍሎች የግዑዝነት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከፍተኛ ፍጥነት የታቀደለት ወይም ከባድ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ያሉት ሞተር ጠንካራ ሞላ ይፈልጋል። ሞላው ከደከመ ተከታዩ ከካሙ ይነሣና ተመልሶ እንደ መዶሻ ይወድቃል፤ ይህም ካሙንም የቫልቩን መቀመጫም ይጎዳል።

ከሚፈለገው በላይ የጠነከረ ሞላ ደግሞ በሌላ መንገድ ያጠፋል። አርቻርድ እ.ኤ.አ. በ1953 ባቀረበው ቀላል የመበላት ቀመር መሠረት የሚበላው የብረት መጠን ከጫናውና ከመንሸራተቻው ርቀት ጋር ያድጋል፤ በብረቱ ጥንካሬ ልክ ደግሞ ያንሳል። የሄርትዝ የንክኪ ስሌት እንደሚያሳየው በመስመር ንክኪ ላይ ከፍተኛው ጫና የሚጨምረው በኃይሉ ካሬ ሥር ልክ ነው፤ ኃይሉ እጥፍ ሲሆን ጫናው 41 በመቶ ያድጋል። ጭማሪው አነስተኛ ይመስላል። ነገር ግን ብረት በተደጋጋሚ ጫና ሲዝል የዕድሜው ቅነሳ ከጫናው ጭማሪ እጅግ የፈጠነ ነው። ለንጽጽር ያህል በሮለር ቤሪንግ ስሌት ዕድሜ ከኃይሉ ጋር የሚቀንሰው በ10/3 ርቢ ነው። በዚህ ሚዛን በኃይል ላይ የ26 በመቶ ጭማሪ ዕድሜን ከግማሽ በታች ያወርዳል።

ዝግታ ለካም ዕረፍት አይደለም

ብዙ አሽከርካሪና ብዙ የፓምፕ ባለቤት ሞተር በዝግታ ሲሠራ አይጎዳም ብሎ ያምናል። ለፒስተንና ለቢየላ ይህ እምነት በመጠኑ ያስኬዳል። ለካሙ አናት ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። በከፍተኛ ፍጥነት የተከታዩ ግዑዝነት ከሞላው ኃይል ላይ ስለሚቀንስ የጉብታው አናት ይቀለዋል። በዝግታ ጊዜ ይህ እፎይታ የለም፤ አናቱ የሞላውን ሙሉ ኃይል ብቻውን ይሸከማል።

ዘይቱም በዚያው ሰዓት ይሳሳል። በዶውሰንና በሂጊንሰን ቀመር መሠረት በመስመር ንክኪ መካከል የሚፈጠረው የዘይት ሽፋን ውፍረት ከፍጥነቱ ጋር በ0.7 ርቢ ያድጋል፤ ከጫናው ጋር ግን በ0.13 ርቢ ብቻ ይቀንሳል። ፍጥነቱ ወደ ሩብ ሲወርድ ሽፋኑ ከነበረበት ወደ 38 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ ጫናው እጥፍ ሲሆን ግን የሚቀንሰው 9 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያውስ የሞላው ኃይል ለውጥ አያመጣም» የሚል ተመራማሪ ሊኖር ይችላል። ድምዳሜው የሚሠራው ግን ሽፋኑ ሁለቱን ብረቶች ሙሉ በሙሉ ሲለያይ ነው። በካሙ አናት ላይ ዘይቱን ወደ ንክኪው የሚስበው ፍጥነት ዝቅተኛ፣ መንሸራተቱ ግን ከፍተኛ ስለሆነ፣ ሽፋኑ ከብረቱ ገጽ ሻካራነት ያነሰ ሆኖ ይገኛል። በዚህ ጊዜ ጫናው የሚያርፈው በቀጥታ በብረቱ ጉጦች ላይ ሲሆን ከኬሚካል ተጨማሪዎች በቀር የሚከላከል የለም።

ከሮዳጅ ልማድ ጋር የሚገናኘው ነጥብም ይህ ነው። አዲስ ካምና አዲስ ጠፍጣፋ ፑንቴሪያ የገባለት ሞተር እንደተነሣ በዝግታ እንዲሠራ መተው ጥንቃቄ ይመስላል፤ ነገር ግን ገና ያልተላመዱትን ሁለት ገጾች ለከባዱ ጫናና ለስሱ ዘይት አሳልፎ ይሰጣል። በመኪና ሞተሮች የተለመደው የአምራቾች ምክር ሞተሩ እንደተነሣ ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ በ2,000 ዙር በደቂቃ ገደማ እንዲሠራ ነው። ሁለት ሞላ በአንድ ቫልቭ ላይ በሚደረብባቸው ጠንካራ ሞተሮችም በመጀመሪያው ሮዳጅ ጊዜ የውስጠኛውን ሞላ ማውጣት የታወቀ ዘዴ ነው።

አንድ ሞላ፣ ብዙ ዓይነት ሞተር

የሞተሮች አሠራር ልዩነት የሞላውን ኃይል ወደ ካሙ በሚያደርሰው መንገድ ይገለጣል። ለምሳሌ ያህል አንድ ሞላ ቫልቩ ሲዘጋ 250 ኒውተን፣ 9 ሚሊ ሜትር ሲከፈት ደግሞ 520 ኒውተን ይገፋል እንበል፤ ጥንካሬው በሚሊ ሜትር 30 ኒውተን ነው ማለት ነው። ካሙ ከላይ ሆኖ ቫልቩን በቀጥታ በሚጫንበት ሞተር ካሙ ሲከፍት የሚሸከመው ይህንኑ 520 ኒውተን ነው። ካሙ ከታች ሆኖ በገፊ ዘንግና 1.5 ምጣኔ ባለው ሮከር በሚሠራ ሞተር ግን ያው ሞላ በካሙ ላይ 780 ኒውተን ያሳርፋል። ከዚህም በላይ ፑንቴሪያው፣ ገፊ ዘንጉና ሮከሩ ክብደት ስለሚጨምሩ ለተመሳሳይ ፍጥነት የበለጠ ጠንካራ ሞላ ያስፈልጋል።

ይህ ማለት ገፊ ዘንግ ያለው አሠራር ሁልጊዜ ደካማ ነው ማለት አይደለም። ካሙ በሞተሩ ታችኛ ክፍል፣ ከዘይቱ አጠገብ ስለሚገኝ ሞተሩ እንደተነሣ ዘይት ይደርሰዋል። ጠፍጣፋው ፑንቴሪያም በብዙ ሞተሮች በሥራ ላይ እያለ ቀስ በቀስ እንዲሽከረከር ተደርጎ ስለሚሠራ ጫናው በአንድ ቦታ ላይ አይከማችም። የቮልስዋገን ቢትልና የኬ ተከታታይ የቶዮታ ሞተሮች በዚህ አሠራር ረጅም ዕድሜ አግኝተዋል።

ንጽጽሩን በግልጽ የሚያሳየው የላዳ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ለገበያ የቀረበው ፊያት 124 ካሙ ከታች ሆኖ በገፊ ዘንግ የሚሠራ ሞተር ነበረው። በዚያው መኪና ላይ ተመሥርቶ ከ1970 ጀምሮ በቶሊያቲ ከተማ የተመረተው ላዳ ግን ካሙ ወደ ቴስታታው ላይ የወጣ አዲስ ሞተር ተደረገለት። አዲሱ ሞተር በፍጥነት የተሻለ ነበር። ሆኖም ካሙ የሚገፋው በአንድ ጫፉ ተደግፎ በሌላው ጫፉ ቫልቩን የሚጫን፣ እንደ ጣት የተዘረጋ ተከታይ ነበር። ይህ ተከታይ ስለማይሽከረከር ጫናውን ሁልጊዜ የሚቀበለው አንዱ ገጹ ነው፤ ካሙ የሚያርፈው በድጋፉና በቫልቩ መካከል በመሆኑም የሞላው ኃይል ተባዝቶ ይደርሰዋል። እያንዳንዱ ቫልቭ ሁለት የተደራረቡ ሞላዎች አሉት። ዘይቱም እስከ ቴስታታው ድረስ ተገፍቶ መውጣት አለበት። የካምና የተከታይ መበላት የዚህ ሞተር የታወቀ ሕመም ሆኖ ቆየ፤ ፋብሪካውም የካሙን ገጽ የማጠንከሪያ ዘዴ እስከ መለወጥ ደረሰ። ለአሥርት ዓመታት በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ያገለገሉት ሰማያዊና ነጭ የላዳ ታክሲዎች ይህንኑ ሞተር የያዙ ሲሆኑ፣ ተሳፋሪ እየጠበቁ በዝግታ የሚያጓሩበት ሰዓት ለካሙ አናት ከባዱ ሰዓት ነበር።

በአንጻሩ በኢትዮጵያ መንገዶች በስፋት የሚታየው ባለ 1ኤችዜድ ሞተር ላንድክሩዘር ካሙ ከላይ ቢሆንም ቫልቩን የሚጫነው በቀጥታ፣ ጽዋ መሰል ተከታይና ሺም በመካከል አድርጎ ነው። የኃይል ማባዣ የለውም፤ ተንቀሳቃሽ ክብደቱም አነስተኛ ነው። በአዳዲስ የናፍጣ ሞተሮች ላይ የተለመደው ሮለር ተከታይ ደግሞ መንሸራተትን በመሽከርከር ስለሚተካ ጠንካራ ሞላ ይችላል። ሮለሩ በጠባብ መስመር ስለሚነካ ግን የካሙ ብረት ያንን ጫና እንዲሸከም ተደርጎ የተሠራ መሆን አለበት። ለሮለር የታሰበን ሞላ በጠፍጣፋ ፑንቴሪያ ሞተር ላይ መግጠም ካሙን እያወቁ ማስበላት ነው።

የሆንዳ ሲጂ 125 ሞተር ሳይክል ከዚህ ሁሉ ትምህርት የሚቀዳበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ የቀረበው ይህ ሞተር ሳይክል ዘይት በወቅቱ በማይቀየርባቸውና የአየር ማጣሪያ ችላ በሚባልባቸው አገሮች እንዲሠራ ታስቦ የተነደፈ ነው። መሐንዲሶቹ በዘመኑ ዘመናዊ ይባል የነበረውን የላይ ካም ትተው ወደ ገፊ ዘንግ ተመለሱ፤ ካሙን ወደ ታች አወረዱት፤ አንዱ ጉብታ ሁለቱንም ቫልቮች እንዲያንቀሳቅስ አደረጉ። ዛሬ በገጠር ከተሞች የሚሮጡ ብዙ የቻይና ሞተር ሳይክሎች የዚህ ንድፍ ቅጂዎች ናቸው። የሆንዳ መሐንዲሶች ሞተሩን የቀረጹት ከሚሠራበት ቦታ ጠባይ ተነሥተው ነው። መቂም ይህን ዓይነት ጥያቄ ሊጠይቅላት የሚችል ተመራማሪ ይገባታል።

የመቂ የሥራ ጠባይ

በአካባቢው ከሚሠሩ የቤንዚን ፓምፖች ብዙዎቹ ከሆንዳ ጂኤክስ 160 ንድፍ የተቀዱና 168ኤፍ በሚል መለያ የሚታወቁ ሞተሮች ናቸው። ካማቸው ከታች ነው፤ በገፊ ዘንግ ይሠራሉ፤ ዘይቱን የሚረጨው በቢየላው ላይ ያለ ትንሽ ማንኪያ ነው። የዘይት ፓምፕ የላቸውም። የዘይቱ መጠን 0.6 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ሞተሩ በወንዝ ዳርቻ ያዘነበለ እንደሆነ፣ ወይም ዘይቱ ትንሽ እንደጎደለ፣ ወደ ካሙ የሚረጨው ዘይት ይቀንሳል።

እንዲህ ያለ ሞተር በ3,600 ዙር በደቂቃ ሲሠራ ካሙ በግማሹ፣ ማለትም በ1,800 ዙር ይዞራል። በቀን 8 ሰዓት ከሠራ እያንዳንዱ ጉብታ 864,000 ጊዜ ይጫናል። በ100 ሰዓት ውስጥ ቁጥሩ 10.8 ሚሊዮን ይደርሳል። የጂኤክስ 160 አምራች ዘይት ከመጀመሪያው 20 ሰዓት በኋላ፣ ከዚያም በየ100 ሰዓቱ እንዲቀየር፣ የቫልቭ ክፍተትም በየ300 ሰዓቱ እንዲታይ ይመክራል። በሣር ማጨጃ ላይ ለተገጠመ ሞተር 100 ሰዓት የአንድ ዓመት ሥራ ሊሆን ይችላል። በመቂ በመስኖ ወቅት ግን 100 ሰዓት ከሁለት ሳምንት በታች ነው፤ 300 ሰዓትም በአንድ የሽንኩርት ወቅት ውስጥ ያልቃል። መመሪያው የተጻፈበት ዓለምና ሞተሩ የሚሠራበት ዓለም የተለያዩ ናቸው።

በዚህ ላይ የስምጥ ሸለቆው አቧራ አለ። ከእሳተ ገሞራ አመድና ፑሚስ የተፈጠረው አፈር ደቃቅና ሻካራ ቅንጣቶች ስላሉት በአየር ማጣሪያውና በዘይት መሙያው በኩል ሲገባ በካሙና በፑንቴሪያው መካከል እንደ ሞረድ ይሠራል። ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። የሐይቁ ዳርቻ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር የሚበልጥ በመሆኑ፣ በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ኃይል ይቀንሳል በሚለው የተለመደ ግምት፣ ሞተሩ ከተጻፈለት ጉልበት ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን ያጣል። ውኃ ያነሰው ባለቤት የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ምንጣሪ ነካክቶ ዙሩን ቢጨምር ሞተሩ ለዚያ ፍጥነት ያልተመረጠ ሞላ ይዞ ይሮጣል። በዚህ ጊዜ «ሞላው ደከመ» የሚል ፍርድ ሊሰጥ ይችላል፤ በእርግጥ የተለወጠው ግን የተጠየቀው ፍጥነት ነው።

ሮንዴላና ቴስታታ

ችግሩ ይበልጥ የሚወሳሰበው በጥገና ጊዜ ነው። የቫልቭ መቀመጫ ተጠርቦ ሲስተካከል ቫልቩ ወደ ቴስታታው ውስጥ ይሰምጣል፤ ግንዱ በሌላው ጫፍ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሞላው የሚታሰርበት ቁመት በዚያው መጠን ይረዝማል። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ 1 ሚሊ ሜትር መስመጥ የመዝጊያውን ኃይል ከ250 ወደ 220 ኒውተን ያወርደዋል። ይህን ለመመለስ ከሞላው ሥር 1 ሚሊ ሜትር ሮንዴላ ማስገባት ትክክለኛ ጥገና ነው። ነገር ግን መቀመጫው ሳይሰምጥ፣ በግምት ብቻ፣ «እንዲጠነክር» ተብሎ የገባ ያው ሮንዴላ የመክፈቻውን ኃይል ከ520 ወደ 550 ኒውተን ያወጣዋል። አንድ ሮንዴላ በራሱ ካም አይገድልም፤ ጭማሪው 6 በመቶ ብቻ ነው። ሁለትና ሦስት ሲደራረቡ ግን ሞላው ሙሉ በሙሉ ሲጨመቅ ጥቅልሎቹ ሊነካኩ ይችላሉ። በዚያን ጊዜ ሞላው ሞላ መሆኑ ይቀራል፤ ካሙ የሚገፋው ደንዳና ብረት ይሆናል።

ከሮንዴላው የባሰው ምትክ ሞላ ነው። በቁመትና በስፋት ከቀድሞው ጋር የሚመሳሰል ሞላ በሽቦው ውፍረት ጥቂት ቢለይ ጥንካሬው ብዙ ይለያል፤ ምክንያቱም የሞላ ጥንካሬ የሚያድገው በሽቦው ውፍረት አራተኛ ርቢ ነው። ሽቦው በ10 በመቶ ቢወፍር ጥንካሬው በ46 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በምሳሌው መሠረት በሚሊ ሜትር 30 ኒውተን የነበረው ወደ 44 ይጠጋል፤ የመዝጊያው ኃይል እኩል ቢሆን እንኳ በመክፈቻው ጫፍ ላይ ካሙ ሩብ ያህል ተጨማሪ ጫና ይሸከማል። የ10 በመቶ የሽቦ ልዩነትን ዓይን አይለየውም። ሚዛን ግን ይለየዋል።

ሦስት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ዋናው ጠላት ዘይትና አቧራ ነው የሚል ነው። ተቃውሞው ክብደት አለው። ለመኪና ቤንዚን ሞተሮች በተዘጋጁ ቀጫጭን ዘይቶች የካታሊቲክ ማጣሪያን ላለመጉዳት ሲባል የፎስፎረስ መጠን እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ወደ 0.08 በመቶ ጣሪያ ወርዷል፤ ብረት ከብረት ሲነካካ የሚከላከለው ዚንክና ፎስፎረስ ያለበት ተጨማሪ ደግሞ የዚያኑ ያህል ቀንሷል። በ2006 ለናፍጣ ሞተሮች የወጣው የሲጄ-4 ደረጃ ግን እስከ 0.12 በመቶ ይፈቅዳል። ስለዚህ የዘይት ምርጫ ለጠፍጣፋ ፑንቴሪያ ሞተር ወሳኝ ነው። ይሁን እንጂ በአርቻርድ ቀመር ውስጥ ዘይቱና ጫናው የሚባዙ እንጂ የሚደመሩ አይደሉም። መጥፎ ዘይት ባለበት ሞተር ላይ የሞላው ትርፍ ኃይል ጉዳት ይበዛል እንጂ አይቀንስም። ዘይቱን መቆጣጠር በማይቻልበት ቦታ መቆጣጠር የሚቻለውን ጫና ቸል ማለት አያዋጣም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የካሙ ብረት ጥራት ነው። ርካሽ ካም ለስላሳ ሊሆን እንደሚችል የታመነ ነው። ሆኖም ጥንካሬውን ለመለካት የላቦራቶሪ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ገበሬውም ሜካኒኩም በብረቱ ላይ ሥልጣን የላቸውም። በሞላው ላይ ግን አላቸው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ዘመኑን ይመለከታል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል፤ በመስኖም የፀሐይ ኃይል ፓምፖች እየታዩ ነው። ታዲያ ሊያልፍ በተቃረበ ቴክኖሎጂ ላይ የድኅረ ምረቃ ጊዜ ማጥፋት ለምን ያስፈልጋል? መልሱ ከውሳኔው ራሱ ይገኛል። አዲስ በማይገባበት ጊዜ ያለው ረጅም ዕድሜ እንዲኖረው ይጠበቃል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ ሁሉ በብር ሲታሰብ ከብዷል። የመቂን ሽንኩርት ወደ አዲስ አበባ የሚያጓጉዘው አይሱዙና ውኃውን የሚስበው ፓምፕ ገና ለዓመታት በካምና በሞላ ይሠራሉ። የመጨረሻዎቹ የሞተር ዓመታት የጥገና ዓመታት ናቸው፤ ጥገና ደግሞ ያለ ልኬት ግምት ነው።

ከተመራማሪው የሚጠበቅ

ሊደረግ የሚገባው ጥናት ውድ አይደለም። በቁም ድሪል ማሽን ሥር ሚዛን አስቀምጦ፣ ሞላውን አምራቹ እስከወሰነው ቁመት ጨምቆ፣ የሚነበበውን ኪሎ ግራም በ9.8 ማባዛት በቂ ነው፤ ሚዛኑ ግን አስቀድሞ በታወቀ ክብደት መፈተሽ አለበት። ከዚህ ጋር የሞላው ነጻ ቁመት፣ የታሰረበት ቁመት፣ የሽቦው ውፍረትና የእያንዳንዱ ጉብታ ከፍታ በማይክሮ ሜትር ይመዘገባል። የሥራ ሰዓትና የዘይት ለውጥ ታሪክ ከባለቤቱ ይጠየቃል።

ዘይቱን፣ አቧራውንና የብረቱን ጥራት ከሞላው ተጽዕኖ ለመለየት የሚያስችል ተፈጥሯዊ ሙከራ ደግሞ በእያንዳንዱ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ውስጥ ተዘጋጅቶ ይገኛል። በአንድ አይሱዙ ካምሻፍት ላይ ያሉ ጉብታዎች የሚጋሩት አንድ ዘይት፣ አንድ አቧራ፣ አንድ ብረትና አንድ የሥራ ሰዓት ነው። በመካከላቸው ሊለያይ የሚችለው የየራሳቸው ሞላ ነው። ስለዚህ በአንድ ሞተር ውስጥ ጠንካራ ሞላ ያለበት ጉብታ ከጎረቤቱ የበለጠ ተበልቶ መገኘቱ ወይም አለመገኘቱ ጥያቄውን በቀጥታ ይመልሳል። ጥንቃቄ ግን ያሻል። የማስወጫ ቫልቭ የሚከፈተው በሲሊንደሩ ውስጥ የቀረውን የጋዝ ግፊት ተቋቁሞ በመሆኑ ማስወጫ ከማስወጫ፣ ማስገቢያ ከማስገቢያ ጋር ብቻ መነጻጸር አለባቸው። ዘይት በካሙ አንደኛው ጫፍ ቀድሞ ሊደርስ ስለሚችል የጉብታው ቦታም መመዝገብ ይኖርበታል። ከሁሉ በላይ ሞላ ከዕድሜና ከሙቀት የተነሣ ስለሚደክም ሞተሩ ሲፈታ የሚገኘው ልኬት የትናንቱን ጫና አይናገርም። ስለዚህ መለካት ያለበት ሞተሩ ታድሶ በሚገጠምበት ቀን ነው፤ ያው ሞተር ተመልሶ ሲፈታም ሁለተኛው ልኬት ይወሰዳል።

ለዚህ ሥራ በአካባቢው ተቋማት አሉ። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሜካኒካል ምሕንድስና ተማሪዎች አሉት፤ የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል በእርሻ መሣሪያዎች ላይ የረጅም ጊዜ ልምድ አለው፤ የመቂ ጋራዦችና ቶርኖ ቤቶች ደግሞ በየሳምንቱ የተፈቱ ሞተሮች አሏቸው። አንድ ተማሪ የካምና የተከታይን ንክኪ በኮምፒውተር ሞዴል አሳምሮ ሊያሰላ ይችላል። በሞዴሉ ውስጥ የሚያስገባው የሞላ ኃይል ግን ከአምራቹ ሠንጠረዥ የተወሰደ ከሆነ የሚያሰላው ሞተር በመቂ የለም። በመቂ ያለው ሞተር መቀመጫው ሁለት ጊዜ የተጠረበ፣ ሮንዴላ የተጨመረበትና ሞላው ከሌላ ሞተር የመጣ ሊሆን ይችላል።

ከእንዲህ ያለ ጥናት የሚጠበቀው ውጤት አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ነው። በየሞተሩ ዓይነት ትክክለኛው የታሰረ ቁመት፣ በኪሎ ግራም የተገለጸ የመዝጊያና የመክፈቻ ኃይል፣ የሚፈቀደው የሮንዴላ ውፍረትና የሮዳጅ አካሄድ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ በጋራዡ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ሜካኒኩ ካሙን ከመለወጡ በፊት ምን እንደሚለካ ያውቃል። ምናልባትም ልኬቱ የሞላው ድርሻ ከተገመተው ያነሰ መሆኑን ያሳይ ይሆናል፤ ያም ቢሆን ወቀሳው በማስረጃ ወደ ዘይቱ ወይም ወደ ብረቱ ይመለሳል። ሽንኩርቱ ከማሳ ሲወጣ በየኪሎው ተመዝኖ ይሸጣል፤ ውኃውን ያመጣለት ሞተር ሞላም አንድ ጊዜ ሚዛን ላይ ሊወጣ ይገባዋል።